መሪው ሲዞር «ኳ!» የምትለው ፒካፕ

ዛሬ አብነት ጋራዥ ውስጥ የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም!

መኪናዬ መሪው ሲዞር ድምፅ ታሰማለች። መካኒኩ ሊያያት ሲመጣ እኔ ጡረተኛው ሰውዬ ጭንቅላቴን ከወንበር ስር ከትቼ፣ መቀመጫዬን ሰቅዬ እዳብሳለሁ።

«ፋዘር፣ ምን ጠፋቦት?»

«ጠርሙስ» አልኩት።

ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። በጠዋቱ ጠጥቶ ነው ብለው ነዋ!

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ነገሩ የጀመረው በደርግ ጊዜ ነው።

ያኔ ልደታ ከእናቴ ጋር ነበር የምኖረው። አባቴ የተወልን አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረችን። እኔ ደግሞ አልማዝን ላገባ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ቀን ተቆርጦ!

ችግሩ አባቷ ናቸው። ጋሽ በቀለ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበሩ። ሲስሉ እንኳ ሰፈሩ ቀጥ ይላል።

አንድ ቀን ሜክሲኮ ድረስ ላድርስዎት ብዬ ጫንኳቸው። ለመወደድ ነዋ! አደባባዩን ስዞር ከታች «ኳ!» አለ።

«ምንድን ነው?» አሉ።

«ምንም አይደል ጋሼ፣ መንገዱ ነው።»

መሪውን ስመልሰው ደግሞ «ኳ!»

ጋሽ በቀለ የበሩን እጀታ ጨብጠው፣ «ይሄ መሪ ሊበጠስ ነው! ልጄ በዚህ መኪና ሙሽራ ሆና አትወጣም። እስክታስተካክለው ሰርጉ ይቆያል!» አሉ።

ይቆያል! ቀበሌ «ይቆያል» ያለው ጉዳይ መቼ እንደሚያልቅ የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል።

ሌላ መኪና ተዋስ እንዳትሉኝ። ቤንዚን በኩፖን በነበረበት ጊዜ ማን ለማን መኪና ይሰጣል?

እኔ ግን እልኸኛ ነኝ። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ብሆንም ራሴ ነው የምጠግናት ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ግራሶ ቀባሁ። «ኳ!»

ከስሯ ተኝቼ ያገኘሁትን ብሎን ሁሉ አጠበቅሁ። «ኳ!»

ቴስቲናው ነው አሉኝ፤ የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ማለት ነው። አዲስ ዕቃ በወርቅም አይገኝ፣ ከወዳደቀ መኪና ላይ ፈትቼ ቀየርኩ። «ኳ!»

የሚያሳብደው ምን መሰላችሁ? በክሪክ አንስቼ፣ ቆማ መሪውን ስጠመዝዘው ጸጥ! ስነዳት «ኳ!»

ጭንቅላት ያለው ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስባል። እኔ ሌላ መፍቻ አመጣሁ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። «አይዞህ ልጄ፣ ምንም አትሆን፤ ጠባቂ አላት» ትለኛለች። እኔም «አሜን» ብዬ ተመልሼ እገባለሁ፣ ከመኪናው ስር።

በመጨረሻ ጋሽ በቀለ ሊፈትሹ መጡ። እማዬም «እኔም ልያት» ብላ መሃል ገባች። በዚያ ሰሞን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው።

በልደታ ማርያም በኩል ቀስ ብዬ ነዳሁ። ቀጥ ባለው መንገድ ምንም የለም። ደረቴ ተነፋ! ኩርባው ላይ ስደርስ መሪውን አዞርኩ።

«ኳ!!»

ጋሽ በቀለ ፊታቸው ጠቆረ። እኔ አልማዝን በሐሳቤ ተሰናበትኳት።

እማዬ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ውይ! ለዚህ ነው እንዴ ስትቀጠቅጥ የከረምከው? እሱማ ጠበሌ ነው!»

ጎንበስ ብላ ከወንበሩ ስር አወጣችው። የማርያም ጠበል፣ በአረቄ ጠርሙስ፣ እስከ አንገቱ! መኪናዋን እንዲጠብቅ ብላ ከሥር ገፍታው ኖሯል። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ ካድሬ አይቶ እንዳያስጠይቀኝ ነው የደበቀችው። መኪናዋ ስትታጠፍ ጠርሙሱ ይንከባለልና ከወንበሩ ብረት ጋር ይጋጫል።

ማን ፊት አወጣችው? ሊቀመንበሩ ፊት!

ሰርጉ ቀርቶ ሥራዬም አበቃለት አልኩ። እማዬም ያኔ ነው የደነገጠችው። ሁልጊዜ «አቶ በቀለ» የምትላቸውን ሰው «ጓድ...» አለቻቸው።

ጋሽ በቀለ ጠርሙሱን ከእጇ ተቀበሉ። መንገዱን ግራና ቀኝ አዩ። ከዚያ የአንገት ሻርባቸውን ፈትተው ጠርሙሱን ጥቅልል አደረጉበትና መልሰው ከወንበሩ ስር ወሸቁት።

«በል አሁን አዙረው» አሉኝ።

አዞርኩ። ጸጥ!

«ተስተካክሏል» አሉ፣ ወደ ውጭ እያዩ። «ልጄ በዚህ ትወጣለች።»

አልማዝም በዚያችው ፒካፕ ወጣች። ሻርቡን እሳቸውም አልጠየቁ፣ እኛም አልመለስን።

ዛሬ እማዬም ጋሽ በቀለም የሉም። መኪናዬም ሌላ ናት። ግን መሪው «ኳ!» ሲል እጄ ከኔ ቀድሞ ወደ ወንበሩ ስር ሄደ። ባዶ ነበር። እማዬ ናፈቀችኝ፤ ይህን ለሚስቅ ጋራዥ እንዴት ያስረዱታል?

«ቴስቲናው ነው ፋዘር» አለኝ መካኒኩ።

አያችሁ ዕድሌን? ያን ሁሉ ዓመት ቆይቶ፣ ዛሬ በእውነት ቴስቲናው!

እና ወገኖቼ፣ እናት ያላችሁ፣ መኪናችሁ «ኳ!» ብትል መጀመሪያ የምትጠሩት ማንን ነው? መካኒኩን?