ዘይት የምትጠጣው ቀይ መኪናዬ

እኔ እንግዲህ ደክሞኛል። ሌላውን ሰው ቢቸና ላይ ሲያገኙት ስለ ልጆቹ ይጠይቁታል። እኔን ግን "መኪናህ አሁንም ትጠጣለች?" ነው የሚሉኝ። የምትጠጣው የሞተር ዘይት ነው። ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ባለ ቱርቦ የድሮ ፈጣን መኪና ነች። ድሮ ስትፈተለክ ሰው ዞሮ ያያት ነበር። አሁንም ዞሮ ያያታል፤ ለጭሷ።

ለራሴ ቢሆን በተውኳት። ግን የእህቴ ልጅ ብርቱካን የሞጣ ልጅ ልታገባ ነው፤ "ከአጎቴ መኪና ሌላ አልሳፈርም" ብላ ድርቅ አለች። እህቴ ጠራችኝና፣ ልጄን በነጭ ቀሚሷ አጥነህ ሞጣ ብታስገባት እህት የለኝም በል አለችኝ። ቀልድ ይመስላችኋል? እህቴ አትቀልድም።

ምርመራ ተጀመረ። አንዱ ቱርቦው ነው የሚያፈሰው አለ። ሌላው የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፣ ሞተር ይውረድ አለ። መሪ ጨብጠው የማያውቁት ጎረቤታችን ደግሞ ዓይን ነው አሉ፤ ማን ቀይ ግዛ አለህ?

አማቴ ጋሽ ታከለ ግን ወሬ አያበዙም። ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ እኛው ጋ ነው የሚኖሩት። ባትሪዋ ደካማ ስለሆነ በራፋችን ቁልቁለት ላይ ነው የማቆማት፤ ጠዋት በመንደርደር ነው የማስነሳት። ጋሽ ታከለ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የዘይት መለኪያዋን መዘዝ አድርገው ያያሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ ይጨምሩላታል። ከሰዓት ደግሞ እኔ እጨምራለሁ።

ሰርጉ እሁድ ሊሆን፣ ዓርብ ሞጣ ወሰድኳት። መካኒኩ ሰይድ የቱርቦውን ዘንግ ነካካው፤ አይወዛወዝም። የሞተሩን ግፊት ለካ፤ ደህና ነው። ግራ ገባው። ከጁምዓ መልስ ሞተሩን እናወርዳለን ብሎኝ ወደ መስጊድ ሄደ። ሞተር አውርደን እሁድ ሰርግ? ስጠብቅ ስጠብቅ ሲሰለቸኝ መለኪያዋን መዘዝኩት። የጋራዡ ግቢ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ሽቅብ ወጥቷል!

ሰይድ ሲመለስ አየና የት እንደማቆማት ጠይቆኝ ሳቀ። ቁልቁለት ላይ ስትቆም ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ መለኪያው ጎደለ ይላል፤ እኛ እንጨምራለን፤ እሷ ትርፉን እያቃጠለች ትተፋዋለች። ጠጪ ስንላት የከረምነው እኛው በግድ እያጠጣናት ነው። ትርፉን ቀዳንላት፤ እስከ ቢቸና ድረስ ክር የምታህል ጭስ አልታየችም። ደስታዬን ምን ልበላችሁ!

ቤት ስደርስ ግን አንድ ነገር ከበደኝ። ጋሽ ታከለን ምን ብዬ ልንገራቸው? አማት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና ሲነዱ ኖረው "እርስዎ ነዎት ያበላሿት" ይባላሉ? የዘይቱን ጄሪካን አልጋ ሥር ደበቅኩና ነገሩን ዘጋሁት።

እሁድ በራፋችን ላይ እልልታው ቀለጠ። ሙሽሮቹ ከኋላ፣ ጋሽ ታከለ ከፊት ተቀመጡ። እህቴ እንኳ ፈገግ አለችልኝ። ቁልቁለቱን ተንደረደርን፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ነዳጅ ሰጠኋት። በመስተዋቱ ባይ አጃቢ የለም፣ ሚዜ የለም፣ እህቴም የለችም። ሰማያዊ ደመና ብቻ። ብርቱካን በቬሏ አፍንጫዋን ይዛ ታስላለች።

ጋሽ ታከለ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። "አይዞህ ልጄ፣ ጠዋት ባየው ዘይቷ ጭራሽ አልቋል። ጄሪካኑን ቤት ውስጥ ፈልጌ ባጣ ከሱቅ ገዝቼ ለመንገዱ አጥግቤልሃለሁ" አሉኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ" አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?