ማህተሙ ቀድሞ ይሳፈር

በሰው አገር አየር ማረፊያ በረራው ተሰርዞበት፣ አልጋ አጥቶ፣ እግሩ አብጦ፣ ክብሩን ግን አንዲት ጣት እንኳ ዝቅ ሳያደርግ ፈተናን የተወጣ ልዑክ ቢኖር የድንገተኛ ሁኔታዎች ዝግጁነት ጽሕፈት ቤት ልዑክ ነው። ይህን የምናገረው ለማሞገስ ነው። ምቀኛ ሌላ ሊል ይችላል፤ ምቀኛ ምን ሥራ አለው!

ልዑኩ አራት ሰው ነበር። ከፊት ክቡር ኃላፊው፣ ከኋላቸው ፕሮቶኮሉ፣ ከፕሮቶኮሉ ኋላ የሰው አገር ቋንቋ የሚያውቀው የሕግ አማካሪው፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ እትዬ ማህተም። እውነተኛ ስሟን ከደመወዝ ክፍል በቀር የሚያስታውሰው የለም። የጽሕፈት ቤቱን ማህተም ስትጠብቅ ፀጉሯ ስለሸበተ ስሙን ወረሰችው። ማህተሙን በፍላኔል ጠቅልላ፣ ከቀለሙ ጋር በእጅ ቦርሳዋ ይዛ ልዑኩ በሄደበት ትሄዳለች። በዚያ መሥሪያ ቤት ያልታተመበት ቃል ቃል አይደለም። አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ሻይ ይምጣ ተብሎ፣ ማህተሙ አጠገብ ስላልነበረ ሻዩ እስከ ዛሬ አልመጣም ይባላል።

የመጡበትም ጉዳይ ቀላል አልነበረም። ክቡር ኃላፊው በትልቅ ጉባኤ ላይ «በድንገተኛ ሁኔታ ፈጥኖ መወሰን» የተሰኘ ጽሑፍ አንብበው፣ ጭብጨባ ጠግበው መመለሳቸው ነበር። የእትዬ ማህተም ልብ ግን ከመነሻው አገር ቤት ቀርቷል። አንዲት ልጇ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ቀኗን እየጠበቀች ነው። «ምጥሽ ሲመጣ እጅሽን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ማንም አይደለም» ብላ ቃል ገብታላታለች። ከጉዞው አስቀሩኝ ብላ ብትለምን፣ ብትለማመጥ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ተባለች። ማህተም እንዴት ይቀራል?

ከሰዓት በኋላ በሰሌዳው ላይ የበረራቸው መስመር ቀላ። በጭጋግ ምክንያት ተሰርዟል። በዚህ ጊዜ ሌላው መንገደኛ ያሳየውን ጠባይ መናገር ያሳፍራል፤ ሮጠ! ሕፃን የታቀፈች እናት ሮጠች፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ሮጡ፣ ጎረምሶች ሻንጣ እየዘለሉ ሮጡ። የእኛ ልዑክ ግን አልሮጠም። ኃላፊ አይሮጥም፤ ኃላፊ ካልሮጠ ደግሞ እሱን የሚቀድም ከወዴት ይመጣል?

«ጌታዬ፣ እኔ ሮጥ ብዬ ተራ ልያዝ?» አለች እትዬ ማህተም።

«እትዬ!» አለ ፕሮቶኮሉ ዓይኑን አፍጥጦ። «ክቡርነታቸውን አልፈሽ?»

እንደየማዕረጋቸው ተሰልፈው፣ በዝግታ ተራምደው፣ የሰልፉን ጭራ ያዙ። እዚያ ቆመው ሳለ የእትዬ ማህተም ስልክ ጮኸ። ልጇ ናት።

«እማዬ፣ ወገቤን እየቆረጠኝ ነው። ማታ ትደርሺያለሽ አይደል?»

«እመጣለሁ የኔ ዓለም፣ እመጣለሁ» አለቻት። በምን እንደምትመጣ ግን አላወቀችም።

ተራቸው ሲደርስ የአየር መንገዱ ልጅ ድካሟን በፈገግታ ሸፍና፣ «ዕድለኞች ናችሁ፤ እዚህ ማዶ ካለው ሆቴል አራት ክፍል ቀርቶኛል። እራትም አለው» አለች። የሕግ አማካሪው ተረጎመ። እትዬ ማህተም «ተመስገን!» አለች። ትንሽ ቸኩላ ነበር።

«ክፍሎቹ ምን ምን ይመስላሉ?» አሉ ክቡር ኃላፊው።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።»

«አንድ ዓይነት ማለት?»

«እኩል ናቸው።»

ጉድ ፈላ። ክቡርነታቸው ከማህተም ያዥ ክፍል ጋር እኩል በሆነ ክፍል ውስጥ ልብሳቸውን ሊያወልቁ! ፕሮቶኮሉ ላብ ላብ አለው። ወደ መስኮቱ ተጠጋና በአማካሪው አፍ ይሟገት ጀመር።

«የክቡርነታቸው ክፍል አንድ መስኮት እንኳ ትርፍ የለውም?»

«የለውም።»

«ትራስስ?»

«ሁሉም ክፍል ሁለት ሁለት ትራስ አለው።»

«እንግዲያው ከእኛ ክፍል አንድ አንድ ትራስ ይነሳልን!»

ልጅቷ ዓይኗን አርገበገበች። «ራሳችሁ ብታነሱት የሚከለክላችሁ የለም እኮ።»

«በገዛ ፈቃድ የተነሳ ትራስና በመመሪያ የተነሳ ትራስ አንድ አይደለም» አለ የሕግ አማካሪው። ይህን ግን አልተረጎመላትም፤ አገር የሚያሰድብ ነገር መስሎ ታየው።

ክቡር ኃላፊው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጥቂት አሰቡ። «ጉዳዩ ሰፊ ነው። ስብሰባ ይጠራ» አሉ።

ስብሰባው ከቆሻሻ መጣያው ጎን ተጠራ። ክቡርነታቸው ትልቁ ሻንጣ ላይ ተቀመጡ፣ ፕሮቶኮሉ መካከለኛው ላይ፣ አማካሪው ትንሹ ላይ። እትዬ ማህተም ለደረጃዋ የሚመጥን ሻንጣ ስላልተገኘ ቆመች። ክቡርነታቸውም የመክፈቻ ንግግር አደረጉ። «ዛሬ ከፊታችን የተደቀነው ተግዳሮት፣ በትክክል ከተያዘ፣ መልካም አጋጣሚ ነው» ብለው ጀመሩ። አጋጣሚው በበኩሉ ከጀርባቸው ቁልፍ ቁልፉን እየተቀበለ ይሄዳል። እናቲቱ ሕፃኗን አቅፋ ሄደች፣ ሽማግሌው ከዘራቸውን እያንቋቁ ተከተሏት።

«ጌታዬ፣ ክፍሎቹ እየተወሰዱ ነው» አለች እትዬ ማህተም።

«እትዬ፣ እጅሽን አውጥተሽ ተናገሪ» አሉ ክቡርነታቸው።

እጇን አወጣች።

«መልካም። ተራሽ ሲደርስ።»

ተራዋ ሳይደርስ ውሳኔው ደረሰ፦ «ልዑኩ የክፍሎቹን እኩልነት አጥብቆ እየተቃወመ፣ ክፍሎቹን በመርህ ደረጃ ተቀብሏል።» በክብር ተፈረመ። እትዬ ማህተም ፍላኔሉን ፈትታ ሻንጣው ላይ ጧ! አድርጋ መታችው። ፕሮቶኮሉ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ሄደ።

«አዝናለሁ፤ ክፍል አልቋል» አለች ልጅቷ።

«ማህተም አለው እኮ!»

ወረቀቱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችው። «ያምራል» አለች። ግን ደግ ልጅ ነበረችና የእትዬ ማህተምን ፊት አይታ አንጀቷ አልችል አለ። የአንዲት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አድራሻ ጻፈችላቸው። ትርፍ ወንበር የተገኘ እንደሆነም እደውላለሁ ብላ የአማካሪውን ስልክ ተቀበለች።

ማረፊያዋ ከጎማ ጠጋኝ ጀርባ ነበረች። ባለቤቱ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ተቀበላቸውና አንድ ክፍል ከፈተላቸው። ሁለት ተደራራቢ አልጋዎች አሉ። ለእትዬ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ሶፋ አለ። ፕሮቶኮሉ ተደራራቢዎቹን ሲያይ ፊቱ በራ። ይኸውልህ ላይ፣ ይኸውልህ ታች፤ እኩልነት የሚባል ጣጣ የለም!

«ክቡርነትዎ ከላይ!» አለ።

ክቡርነታቸው መሰላሉን አዩ። ቀጥሎ ሆዳቸውን አዩ። አንድ እግራቸውን ሲያሳርፉበት መሰላሉ አቃሰተ። በእርጋታ ወረዱና «አመራር ከታች ነው የሚጀምረው» አሉ።

አማካሪውም ፕሮቶኮሉም ይህን ጥልቅ ሐሳብ አደነቁ። ጣጣው የመጣው ከአድናቆቱ በኋላ ነው። ክቡርነታቸው ከታች ከተኙ ከበላያቸው ማን ይተኛል? የበላይ የሌላቸው ሰው ናቸው። በዚያኛው አልጋ ላይኛው ፎቅ የተኛም ያው ከእሳቸው በላይ ነው። በታችኛው የተኛ ደግሞ ከእሳቸው እኩል ሊሆን ነው፤ እኩል መሆንን ሸሽተው መጥተው! ነገሩ ከተብሰለሰለ በኋላ አራት አልጋ ባለበት ክፍል ሁለት ሰው ወለል ላይ እንዲያድር በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የእትዬ ማህተም ሶፋ ከወለሉ ከፍ ማለቷ ፕሮቶኮሉን ቅር ቢያሰኘውም፣ ኮሪደር ሌላ ክልል ነው ተብሎ ታለፈ።

ባለቤቱ ፎጣውን ከትከሻው አወረደ። «አልጋዎቹ ምን ሆኑ? ተሰበሩ እንዴ?»

«አልተሰበሩም» አለው አማካሪው። «ደረጃቸውን አልጠበቁም።»

በዚህ መሐል የአማካሪው ስልክ ጮኸ፤ የአየር መንገዱ ልጅ ናት። ጭጋጉ ገፈፍ ብሏል፤ ሲመሻሽ የሚነሳ አውሮፕላን ላይ አንድ ወንበር ተገኝቷል። አንድ ብቻ። ቶሎ ይምጣ የሚመጣው፤ አለበለዚያ ለሌላ ይሰጣል።

«ክቡርነትዎ ይሂዱ እንጂ» አለ ፕሮቶኮሉ።

«ብቻዬን? ስወርድ ማን ይቀበለኛል? የሚቀበለኝ ሰው እዚህ ወለል ላይ ነው። አንተስ?»

«ከክቡርነትዎ ቀድሜ? ኧረ ይሰውረኝ!»

«እኔ ከሄድኩ ደግሞ የሚተረጉምላችሁ ታጣላችሁ» አለ አማካሪው። ውኃ እንኳ በምልክት ልትጠይቁ ነው ማለቱ ነው።

እትዬ ማህተም ክብሩንም ደረጃውንም ረስታ እግራቸው ሥር ልትደፋ ምንም አልቀራት። «ጌታዬ፣ በልጅዎ ይሁንብዎ! ልጄን ምጥ ይዟታል። የመጀመሪያዋ ነው፣ ፈርታለች። እኔን ይላኩኝ።»

ክቡርነታቸው አዘኑ። ማዘናቸው የታወቀው ቅንድባቸውን በማንሳታቸው ነው። «እትዬ፣ የግል ጉዳይና የሥራ ጉዳይ አይደባለቅም። ልጅሽ መመሪያው ውስጥ የለችም።»

ደሟ ፈላ። በሆዷ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። ዕንባዋን እየዋጠች ወደ ሶፋዋ ልትሄድ ስትል፣ ቦርሳዋን የምትቆልፍበት ነገር እንዲሰጣት ባለቤቱን በእጇ ምልክት ጠየቀችው።

«ቁልፍ?» አለ ሰውየው እየሳቀ። «ሶፋ ምን ቁልፍ አለው? የክፍሉንም ቁልፍ አንድ እንግዳ ኪሱ ከቶት ሄደ። ግን አትስጉ፣ ሰፈሩ ጨዋ ነው።»

አማካሪው እንደ ዋዛ ተርጉሞ ሲያበቃ አፉ ክፍት እንደሆነ ቀረ። «ቁልፍ የለም? ታዲያ ማህተሙ የት ሊያድር ነው?»

ማህተም ቁልፍ በሌለው ቦታ አያድርም፤ ሕፃን የሚያውቀው ደንብ ነው። ክቡርነታቸው ከአልጋቸው ብድግ ብለው ጭንቅላታቸውን ከላይኛው አልጋ ጋር አጋጩት።

«እኔ ኪስ ውስጥ ይደር?» አለ ፕሮቶኮሉ።

«ኪስህ ቁልፍ አለው?» አሉት በቁጣ።

እዚህ ላይ እትዬ ማህተም ነቃች። ዕንባዋን ጠረገች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ የቢሮ ፊቷን ለበሰች። ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ «በዚያ ላይ የዚህ አገር ጭጋግ አልተስማማውም» አለች። «ለእናንተ ማስደንገጥ እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው እንጂ፣ ቅድም ሳትም አይቼዋለሁ። ጠርዙ ላልቷል።»

«ጠርዙ!» አሉ ክቡርነታቸው፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አንድ ሌሊት እዚህ ካደረ እኔ አላውቅም ጌታዬ።»

እውነትም ይህ ልዑክ ፈጥኖ መወሰን ያውቃል። የመክፈቻ ንግግር የለ፣ እጅ ማውጣት የለ፤ ማህተሙ ከማንም ቀድሞ በአንዱ ወንበር ተሳፍሮ አገሩ እንዲገባ ተወሰነ። ማህተም ብቻውን እንደማይሳፈር ያስታወሰው ፕሮቶኮሉ ነው፤ አጃቢ ያሻዋል። ሦስቱም ዞር ብለው እትዬ ማህተምን አዩዋት።

«እንግዲህ… ትእዛዝ ከሆነ» አለች እያመነታች። ስታመነታ ባያችኋት!

ውሳኔው ተጽፎ ታተመ። የልጇ ነገር የትም ቦታ አልተነሳም። ታክሲ ሲመጣ ክቡር ኃላፊው ከተሾሙ ወዲህ ነክተውት የማያውቁትን የመኪና በር በገዛ እጃቸው ከፈቱና ጎንበስ ብለው «በሰላም ግባ» አሉ። ለቦርሳው ነው።

እትዬ ማህተም ከአውሮፕላን ወርዳ በቀጥታ ወደ ማዋለጃው ሄደች። ልጇ ላብ አጥምቋት፣ በሩን በሩን እያየች አገኘቻት። «መጣሽ?» አለቻት፤ ሌላ ቃል አልወጣትም። እጇን ያዘችላት። ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ድረስ ይዛት አነጋች። ማህተሙ ከዳይፐርና ከፌስታል ጋር አልጋው ሥር ተጥሎ አደረ፤ ቁልፍ አልነበረውም፣ ምንም አልሆነም። ሊነጋጋ ሲል አንዲት ቀይ፣ የተጨማደደች፣ ጩኸቷ ግድግዳ የሚያፈርስ ሴት ልጅ ያለ አንዳች ውሳኔ ወደዚህ ዓለም መጣች። እትዬ ማህተም አለቀሰች፣ ሳቀች፣ እንደገና አለቀሰች። እንዲህ ደስ ያላት ቀን ትዝ አይላትም።

ፀሐይ ሞቅ ስትል ስልኳ ጮኸ።

«ማህተሙ ደህና ነው?» አሉ ክቡር ኃላፊው።

«ደህና ነው ጌታዬ። ልጄም በሰላም ተገላገለች።»

«መልካም፣ መልካም። ጠርዙስ?»

«ጠንክሯል።»

«እሰይ! እኛም ወንበር አግኝተናል። ሦስታችንም በዛሬው በረራ።»

«ታዲያ ይምጡ እንጂ ጌታዬ።»

ክቡርነታቸው ሳሉ። «እንዴት ብለን? ልዑክ የሚመለሰው በውሳኔ ነው። ውሳኔ ደግሞ…» አሁንም ሳሉ። «በቃ፣ ማህተሙን ይዘሽ ነይ።»

እትዬ ማህተም ሕፃኗን አየቻት። እንቅልፍ ወስዷት ከንፈሯን ትጠባለች።

«እመጣለሁ ጌታዬ፤ ትእዛዝ ነው» አለች። «ግን ሠራተኛ ያለ ጉዞ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ፈቃዱ ደግሞ የእርስዎ ፊርማና የጽሕፈት ቤቱ ማህተም ያለበት መሆን አለበት። ማህተሙ እዚህ አለ። ፊርማዎ ግን እዚያ ነው።»

በስልኩ ውስጥ ፕሮቶኮሉ ከወለል ላይ «ወገቤን!» እያለ ሲያቃስት ይሰማል።

«እንግዲያው ምን ይሻላል እትዬ?» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ሳስቶ።

«ስብሰባ ይጥሩ ጌታዬ» አለችና ስልኩን ዘግታ ሕፃኗን ታቀፈች።