ለቁሐር ሚካኤል የገባው ኮምፒዩተር

መኪና እንደ ሰው ራሱን እንደሚያመው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። የአያቴ አሮጌ የጭነት መኪና ሆድ እንጂ ራስ አልነበረውም፤ ሲቆም በሽቦ ይታሰራል፣ በመዶሻ ይመታል፣ ትንሽ ይሰደባል፣ ከዚያ ይሄዳል። የዛሬዎቹ ግን ሞተራቸውን የሚያዝ ኮምፒዩተር አላቸው። ኮምፒዩተር ደግሞ ስድብ አይገባውም።

ከወረታ ሐሙሲት እየተመላለሰ ያሳደገን የአባዬ ሚኒባስ ባለ ኮምፒዩተር ነበር። ዛሬ ተሸጦ ባለቤት ለውጧል፤ ድምፁን ከአስፋልቱ ስሰማ ግን አሁንም ከቤት ብቅ እላለሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ሩዙ ተወቅቶ ግቢያችን በኩንታል በተሞላበት በኅዳር መግቢያ፣ ይኸው ሚኒባስ ድርቅ ብሎ ቆመ። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ካንዴላ ነው አለ፣ አንዱ ነዳጅ፣ አንዱ የሰው ዓይን። በመጨረሻ ይበልጣል የሚባል መካኒክ ከባሕር ዳር መጣ። መመርመሪያውን ከመሪው ሥር ሰካና ጠበቀ። መመርመሪያው ይጠይቃል፣ ኮምፒዩተሩ አይመልስም። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈተሸ፤ ኤሌክትሪኩ ይደርሳል። ከዚያ ከወለሉ ምንጣፍ ሥር መጽሐፍ የምታህለውን የኮምፒዩተሩን ሣጥን አውጥቶ ከፈታት። ውስጧ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ለካ በክረምት አባዬ መንገዱ ላይ ባለችው ቁሐር ጎርፉን ሲሻገር ውኃው ገብቶባት ኖሯል።

ይበልጣል ተመሳሳይ ሣጥን ፈልጎ በሚካኤል ማግስት እንደሚመለስ ነገረን። «ይቺን ግን እንዳትጥሏት» አለ። «ቁልፉን የምታውቀው እሷ ናት። የምታውቀውን ወደ ሌላዋ ካልገለበጥኩት፣ መኪናው አይነሳም።»

አባዬ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ስልኩ ውኃ ውስጥ ወድቆ ሩዝ ውስጥ ተቀብሮ ድኗል። ፎገራ ላይ ደግሞ ሩዝ ምን ገዶን! ሣጥኗን በር አጠገብ ካለው ኩንታል መሐል እንድቀብራት አዘዘኝና ቀበርኳት።

እማዬ ይህን አላወቀችም። በየዓመቱ ከአዲሱ ሩዝ የመጀመሪያውን፣ በኩራቱን፣ ለቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ትሰጣለች። በዋዜማው የነፍስ አባታችን መምሬ አድማሱ አህያቸውን ይዘው ሲመጡ፣ በር አጠገብ ያለውን ኩንታል አሳየቻቸው። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ልናገር ነበር። መምሬ ግን ምርቃት ጀምረዋል፤ ያውም እኔን በስሜ ጠርተው። ምርቃት ማን ያቋርጣል? አሜን ብለን ቀና ስንል ኩንታሉ ተጭኗል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እውነት ነው፤ በአህያ ይሄዳል እንጂ።

ማታ አባዬ ኩንታሉን ሲያጣ እማዬን ጠየቀ፤ ስትነግረው ቁጭ አለ። ለታቦት የተሰጠ አይመለስም። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ በበዓሉ ቀን ለቤተ ክርስቲያኑ የገባው ሁሉ በጨረታ ይሸጣል።

በማግስቱ ኩንታላችን ለጨረታ ሲወጣ መጀመሪያ እጁን ያነሳው አባዬ ነው። መኪናው የቆመበት ሰው እንዲህ ሲሽቀዳደም ያየ ሁሉ፣ ምን ያለ ስለት ቢኖርበት ነው ብሎ ተነቃቃ። በተለይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አባዬ በጨመረ ቁጥር ይጨምራሉ።

«አንተ ልጅ፣ ሚካኤልን ለብቻህ ልትወስደው ነው?» አሉት፤ ሕዝቡ ሳቀ።

አባዬ እያላበው በሦስት ኩንታል ዋጋ አንዱን የገዛ ኩንታሉን ገዛ። እልልታው ቀለጠ። መምሬም መረቁት፤ ረዥም ምርቃት።

ይበልጣል እንደ ቃሉ መጣ። ሣጥኗ አልዳነችም፤ የምታውቀውን ግን አልረሳችም። እሱም ገለባዋን አራግፎ ትዝታዋን ወደ ሌላዋ ገለበጠና አዲሲቱን ገጠማት። አባዬ ቁልፉን አዞረ። ተነሳ።

ልንሞክረው እኔና አባዬ ወደ ሐሙሲት ነዳን። ግራና ቀኙ የታጨደ ማሳ ነው፤ ከብቱ ቃርሚያው ላይ ተበትኗል።

«ሲጭኑት አይተሽ ነበር?» አለኝ ድንገት።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ሳትናገሪ?»

«መምሬ እየመረቁ ነበር።»

ማርሽ ቀየረ።

«እኔም ጨረታው ሳይጀመር ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ሄጄ ነበር» አለ። «ሦስት ጊዜ መስቀል ተሳልሜ ተመለስኩ።»