የሮቤራ የመጀመሪያ ሌንስ

በአምቦ ከተማ ቸኩሎ የወሰነ ሰው ሞልቷል። ቸኩሎ ያገባ አለ፣ ቸኩሎ ባጃጅ የገዛ አለ። እንደ ሮቤራ ያለ አርቆ አሳቢ ግን በትውልድ አንዴ ነው ብቅ የሚለው፤ ስለዚህ ታሪኩ በአክብሮት ሊነገር ይገባል።

ሮቤራ የአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ሠራተኛ ነው። የመንገድ ላይ ኑሮን በፎቶ ለትውልድ ለማስቀረት ቆርጦ ካሜራ ገዛ። ካሜራው አብሮት የመጣ ሌንስ ነበረው፤ የሚያቀርብ፣ የሚያርቅ፣ ሁሉን የሚሞክር። ሮቤራ በዩቲዩብ ባደረገው ጥልቅ ጥናት ይህ የሰነፎች ሌንስ መሆኑን ደረሰበትና ሸጠው። እውነተኛ የመንገድ ፎቶ አንሺ የሚይዘው ፕራይም ነው። ፕራይም አያቀርብም፣ አያርቅም፤ መቅረብ የፈለገ በእግሩ ይሂድ ባይ ነው።

ከዚያ የምርጫው ዘመን ገባ፦ ሠላሳ አምስት ሚሊሜትር ወይስ ሃምሳ? ሠላሳ አምስቱ መንገዱን ሰፋ አድርጎ ከነግርግሩ ያሳያል፤ ሃምሳው ጠበብ ብሎ አንድ ፊት ላይ ያርፋል። ሮቤራ ጠዋት የሠላሳ አምስት፣ ከምሳ በኋላ የሃምሳ ደጋፊ ሆኖ ከረመ። ካሜራው ግን፣ ሌንስ አልባው ቀዳዳው በክዳን እንደተደፈነ፣ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም።

“ሮቤ፣ አንዱን ግዛና ይውጣልህ” አለችው እጮኛው ሄቨን።

“ይሄ እንደ ጫማ በልክ የሚገዛ አይደለም። የአተያይ ጉዳይ ነው።”

“እኔን ለመምረጥስ ስንት ጊዜ ፈጀብህ?”

“አንቺንማ ወዲያው ነው!”

ሄቨን ሙገሳ ይሁን ስድብ ሳይገባት ወደምትሠራበት ጤና ጣቢያ ሄደች።

በዚህ መሐል ኦቦ ጃርሶ መጡ። ዕድሜያቸውን በጋሪ የገፉ ሰው ናቸው። ባጃጅ ሥራቸውን ስለወሰደባቸው ዳማ ፈረሳቸውን ጌዶ ገበያ አውጥተው ሊሸጡ ነው።

“ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሳይሄድብኝ ከሱ ጋር አንድ አንሳኝ። ልጆቼ ማን እንዳሳደጋቸው ይዩት።”

“በደስታ፣ ኦቦ ጃርሶ! ብቻ ጋሪውም ይግባ ካሉ ሠላሳ አምስት ይፈልጋል። የእርስዎና የፈረሱ ፊት ብቻ ከሆነ ደግሞ ሃምሳ።”

“ሁለታችንም እንታያለን?”

“ጥያቄው እሱ አይደለም።”

“እኔ ግን የጠየቅሁህ እሱን ነው።”

ሮቤራ ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ በቅርቡ እንደሚያሳውቃቸው ቃል ገባ። ሽማግሌው ፈረሱን አጥበው፣ ግንባሩ ላይ ቀይ ክር አስረውለት ጠበቁ። አንድ ገበያ አለፈ፤ ሌላም አለፈ። በመጨረሻ ዳማው በአይሱዙ ተጭኖ ሄደ። በማግስቱ ሮቤራ ኦቦ ጃርሶን አለንጋቸውን ብቻ ይዘው በእግራቸው ሲመጡ አያቸውና በጓሮ መንገድ ታጠፈ። በጸጸት ተነሥቶ አዲስ አበባ ሄደና ሃምሳውን ገዛ።

ታላቁ ቀን ደረሰ። መናኸሪያው በር ላይ ወይዘሮ ቦጋለች በቆሎ ይጠብሳሉ። ጭሱ፣ የጠዋቱ ፀሐይ፣ የሴትዮዋ ፊት፣ ሁሉም ለሃምሳ የተፈጠረ ይመስላል። የቀረው ነገር ጠጋ ማለት ብቻ ነው። ሮቤራ ጠጋ አለ። ካሜራውን ወደ ዓይኑ አነሳና መልሶ አወረደው።

“ምን ፈልገህ ነው፣ ልጄ?”

“ምንም… አንድ በቆሎ።”

በልቶ ጨረሰ። እንደገና ካሜራውን ወደ ዓይኑ አነሳ። ወይዘሮ ቦጋለች ቀና ብለው አዩት።

“ልድገምህ?”

“ይድገሙኝ።”

በሁለተኛው በቆሎ መካከል ሮቤራ ፊት አንድ እውነት ድቅን አለ፦ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲፈራ የነበረው የተሳሳተ ሌንስ ሳይሆን ሰው ነበር። ነገሩ አስደነገጠው። ደግነቱ የተማረ ሰው ነውና ቶሎ አስተካከለው፦ ሃምሳ ለአምቦ አየር ጸባይ አይስማማም።

ይህ ግኝቱ በከተማዋ ተወራ። የወጣቶች ማዕከሉም “የመጀመሪያ ሌንስዎን እንዴት ይመርጣሉ?” በሚል ርዕስ ሥልጠና እንዲሰጥ ጋበዘው። ሮቤራ ጠዋት ተናገረ፣ ከሰዓት ተናገረ። ሰዉ አንገቱን እየነቀነቀ አደመጠ። በመጨረሻ ዶርቃስ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

“ጋሼ፣ እስካሁን ካነሷቸው ፎቶዎች አንድ ሊያሳዩን ይችላሉ?”

ሮቤራ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

“እኅቴ፣ መቸኮል አያስፈልግም። ፎቶ ማንሳት የከፍተኛ ደረጃ ሠልጣኞች ርዕስ ነው።”

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ለከፍተኛ ደረጃው ምዝገባ ሰልፉ በሩን አልፎ አስፋልቱ ድረስ ወጣ፤ ዶርቃስም ተሰልፋ ነበር።