ለስፔን ወታደር የሸለምኩት ብር

ጓዶች፣ ዛሬ ዙሪክ ላይ የሆንኩትን ሳልነግራችሁ ዝም ብል ያመኛል። ሳቁ፣ መብታችሁ ነው። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

እንደምታውቁት ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራዬ መሬት መጎርጎር ነው። የብረት መፈለጊያ ዲቴክተሬን ይዤ፣ ሄድፎኔን ሰክቼ፣ ከካንቶኑ መስተዳድር በስንት ደጅ ጥናት ያወጣሁትን ፈቃድ ኪሴ ከትቼ፣ ከምንኖርባት ከቬርኒየ ወጣ ብዬ ሜዳ ለሜዳ እዞራለሁ።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎቻችን ሴት መሆኔን ረስተው ስም አውጥተውልኛል፦ ቆራሌው።

አይፈረድባቸውም። እስካሁን ያገኘሁት የቢራ ቆርኪ፣ የድንኳን ካስማና የሰው ቁልፍ ነው። እኔ ደግሞ ካልኩ አልኩ ነው። አንድ ቀን እነዚህን ሰዎች አፋቸውን ሳላስይዝ አልሞትም ብዬ ምዬ ነበር።

እናላችሁ ባለፈው ሳምንት ደመራ የምናበራበት የገበሬው ሜዳ ላይ ዲቴክተሬ ጮኸ። ቆፈርኩ። ሁለት ብር! የድሮ፣ ወፍራም፣ ከባድ ብር።

መጀመሪያ ልቤ ዘሎ እትዬ ፀሐይ ጋ ሄደ።

ለማታውቁ ልንገራችሁ። እትዬ ፀሐይ የማኅበራችን ትልቅ ሰው ናቸው። ከእናታቸው የወረሱትን ሁለት ማርትሬዛ ጠገራ ብር በክር አድርገው ከቀሚሳቸው ሥር ያንጠለጥላሉ። ባለፈው መስቀል፣ ከደመራው ሲመለሱ አንገታቸው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ጠዋት ያሰረችላቸው አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ሂሩት ነበረች። “ሸጣው ነው” የሚል ወሬ ተነሳ፤ እትዬም አንድ ቀን አምልጧቸው “ሌባ” አሏት። ሂሩት ሻንጣዋን ይዛ ዙሪክ አጠገብ ረገንስዶርፍ ገባች። ከዚያ ወዲህ አክስትና ልጅ ተኳርፈዋል። እትዬ ከስተዋል፣ ግን አይናገሩም።

ስለዚህ ጭቃውን በአውራ ጣቴ ጠረግኩ። ማርትሬዛን መቼም ሁላችንም እናውቃታለን፤ ጡታም ወይዘሮ ናት።

ይኼ ወንድ ነው።

አፍንጫው ትልቅ፣ ጸጉሩ በሪባን የታሰረ ሰውዬ። ጀርባው ላይ ዘውድ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ዓምድ። ዓመተ ምሕረቱ ተፍቆ ጠፍቷል፤ ከፊደሎቹ ግን “HISPAN” የሚለው ይነበባል። ስፔን!

ወዲያው ለእትዬ ደወልኩ። “የእርስዎን ማርትሬዛ አላገኘሁም፤ የስፔን ብር ግን አገኘሁ” አልኳቸው።

“እሰይ ልጄ፣ እንኳን ደስ አለሽ” አሉኝ። ድምፃቸው ትንሽ ወረድ ብሎ ነበር። ፎቶ እንዳልልክላቸው ስልካቸው የድሮ ነው።

ከዚያማ ማን ይቻለኝ? ዩቲዩብ አየሁ፣ ፎረም አነበብኩ። ድሮ የስፔን ጦር በዚህ በኩል ያልፍ ነበር ይላሉ። ብሮቹ ላይ ደግሞ አመድ አለ። አያችሁ? የጦር ሰፈር እሳት! ግሩፓችን ላይ “የስፔን ወታደር ያደረበትን ቦታ አገኘሁ” ብዬ ለጠፍኩ። ለካንቶኑም ፎቶ ልኬ አሳወቅሁ። ልቡ፣ ጭብጨባው፣ “ኩራታችን” ምናምን ዘነበልኝ።

ለአንድ ሳምንት ቆራሌው የሚለኝ ጠፋ።

እኔ ግን ሥራ በግማሽ አልወድም። ዛሬ በጠዋት ባቡር ይዤ ዙሪክ፣ የድሮ ሳንቲም የሚመረምሩ አንድ ሽማግሌ ሱቅ ሄድኩ። ወታደሬን በወግ ላስመሰክርለት ነው።

ሰውየው አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ተከሉ። ፈረንሳይኛቸው ቀስ ያለ ነው።

“እውነተኛ የስፔን ብር ነው። ይህችን ፊደልና ከላይዋ ያለችውን ትንሽ ክብ ያያሉ? ሜክሲኮ ነው የተመታው።”

በረርኩ።

“ግን ከወታደር አልወደቀም” አሉ።

አረፍኩ።

“አፈር አይደለም የበላው። ልብስ ነው ያሸው፤ ብዙ ዘመን አንገት ላይ ኖሯል።” ከዚያ ሁለቱም ላይ ያለውን ቀዳዳ አሳዩኝ። እኔ ቀዳዳውን ጥይት ነው ብዬ ነበር። አዎ፣ ሁለቱም ላይ፣ እኩል ቦታ። አትሳደቡ።

በወረንጦ ከአንደኛው ቀዳዳ ሰማያዊ ነገር መዘዙ። ጫፉ ቀልጧል።

“ናይለን ነው። ወታደርዎ ናይለን ነበረው?”

ጎንበስ ብዬ ክሩን አየሁት።

“እዚያ ሜዳ ላይ ሥጋ ለመጥበስ ግሪል አድርጋችሁ ነበር?”

ግሪል! ደመራችንን ነው እኮ።

ያኔ እንኳ አልገባኝም። “የስፔን ብር አንገት ላይ ምን ይሠራል?” ብዬ ተከራከርኩ። “ነጋዴዎች በቀይ ባሕር በኩል ወስደውታል። እናንተ አገርም ሳይደርስ አይቀርም” ብለው በትዕግሥት መለሱልኝ።

ያኔ ገባኝ።

እኛ ዘንድ ያረጀ ብር ሁሉ ማርትሬዛ ነው። የእትዬ እናት ማርትሬዛ አሉት፣ እትዬም ማርትሬዛ አሉት፣ እኛም ማርትሬዛ ጠፋ ብለን ሜዳውን አሰስን። ከትልቅ ሰው ቀሚስ ሥር አውጥቶ ፊቱን ማን ያያል? እትዬ ለግንባራቸው አመድ ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ ክሩ ተበጥሶ ወድቋል፤ በቃ። እኔ በእጄ ይዤው “አላገኘሁም” ብዬ ደውዬላቸዋለሁ!

ሱቁ ውስጥ አለቀስኩ። ሽማግሌው ውሃ ሰጡኝ፤ ክሩንም በትንሽ ላስቲክ ጠቀለሉልኝ።

ወደ ቬርኒየ ልመለስ አልቻልኩም። ሂሩት እዚያው ዙሪክ ዳር፣ ዋሊሰለን የገበያ ማዕከል ውስጥ ጫማ ትሸጣለች። ሄድኩ። ደንበኛ እስክትሸኝ ጠብቄ ብሮቹን ከነክሩ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት።

ብሩን አላየችም። ክሩን ነው ያየችው።

“ይኼ ክር የእኔ ነው” አለች። “‘ምን ሰማያዊ ታደርጊልኛለሽ’ ብለው ተቆጥተውኝ ነበር።” ጫማ መለኪያው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

“ይዤላቸው ልሂድ?” አልኳት።

“አይሆንም። ሌባ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። መጥተው ይውሰዱ።”

“ሂሩትዬ፣ ጉልበታቸው...”

“ቅዳሴ ሙሉ ሲቆሙ አያማቸውም።”

በእሷ አልፈርድም። ደወልኩ፣ ስፒከር ላይ አደረግኩ።

“እትዬ፣ የስፔኑ ብር የእርስዎ ነው።”

“የቱ ስፔን?”

“ማርትሬዛዎ ወንድ ነው፣ እትዬ። ከደመራው አመድ ውስጥ ነው ያገኘሁት። ማንም አልወሰደውም።”

የሰው ነፍስ ሲጨነቅ በስልክ ይሰማል፤ እኔ ሰምቼዋለሁ።

“ሂሩት አጠገብሽ ናት?”

“አለች። ትሰማለች።”

“የዙሪክ ባቡር ከስንተኛው መስመር ነው የሚነሳው?” አሉ። ከሎዛን አልፈው የማያውቁ ሴትዮ ናቸው።

ሂሩት ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። የምትጮህባቸው መስሎኝ ነበር።

“ቀጥታውን ይያዙ፤ መሐል መንገድ እንዳይወርዱ” አለች እያለቀሰች። “ካፖርትም ይልበሱ። እዚህ ይበርዳል።”

ይኸው አሁን ዙሪክ ባቡር ጣቢያ፣ ሂሩት ጎን ቆሜ ነው የምጽፍላችሁ። ባቡሩ እየደረሰ ነው። ወታደሩን ከግሩፑ አንስቼዋለሁ። ለካንቶኑም ነገ “ይቅርታ፣ ንብረቱ የእትዬ ፀሐይ ነው” ብዬ እጽፋለሁ።

ቆራሌው በሉኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ አቤት እላለሁ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ የእናንተ ቤት ማርትሬዛስ፣ ፊቷን አይታችኋት ታውቃላችሁ?