ትኩሳት የያዘው የአያ ሞላ መኪና

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ያለው ሰው ፍኖተ ሰላምን አያውቃትም። እኛ ዘንድ ባለቤቱ አፉን ከመክፈቱ በፊት ጎረቤቱ ደርሶ፣ በርጩማ ስቦ፣ በሽታውን ነግሮት፣ መድኃኒቱንም አዝዞለት ጨርሷል። ላም ትክሳ፣ ጣሪያ ያፍስስ፣ ጠያቂ አይጠፋም። ብቻችሁን መታመም ከፈለጋችሁ ሌላ አገር ፈልጉ።

ስለዚህ የታላቅ ወንድሜ የአያ ሞላ አሮጌ የጭነት መኪና ሐሙስ ዕለት ሞተሩ ፈልቶ፣ እንፋሎት እየተፋ ግቢ ሲገባ ሰፈሩ ለጥየቃ መጣ። አንዱ ቺንጋው ላልቷል አለ። ሌላው ፖምፓው ነው ብሎ ማለ። ቡሬ ሚኒባስ ላይ ረዳት የነበረው ደግሞ ኮፈኑን ዳብሶ፣ ተስፋ የለውም በሚል ዓይነት ራሱን ነቀነቀ። አንዲት ጎረቤታችን «እግዜር ይማረው» ብለው ወጡ።

አያ ሞላ ግን ሳቅ አልታየውም። እሑድ ሽማግሌዎች ጋቢና አሳፍሮ ቡሬ ድረስ ለልጁ ሚስት ሊያስጠይቅ ቀን ቆርጧል። በሚኒባስ ቢሄዱስ እንዳትሉት፤ እኔ ብዬው አይቻለሁ። የልጅቷ አባት እህል ነጋዴ ስለሆኑ፣ ከልጁ ቁመና በፊት የመኪናውን ቁመና እንዲያዩለት ፈልጓል። ሽማግሌ ጭኖ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ደግሞ በእኛ አገር ብልሽት አይባልም፤ ምልክት ነው። ጋብቻው ገደ ቢስ ተብሎ ይቀራል።

ዓርብ ራዲያተሩን አውርደን ፈታነው። ውስጡ እንደ አሮጌ ማንቆርቆሪያ ሆድ ነጭ ድንጋይ ጋግሯል፤ ውሃ የሚያልፍበት ሁሉ ተደፍኗል። አያ ሞላ ግራ ገባው፤ ከቧንቧ ውሃ በቀር ጨምሮበት አያውቅምና። ይኼኔ እናታችን ደጃፉ ላይ ቆመው በኩራት ተናገሩ።

«ከጸበል በተመለስሁ ቁጥር ማን ሲሞላለት ኖሯል? ዓባይ በረሃን ስትወርድ ማን የሚጠብቅህ መስሎህ ነው?»

ተያየን። የደብራችን ጸበል ከኖራ ድንጋይ ሥር የሚፈልቅ ነው። ለሰው ፈውስ ነው፤ ራዲያተር ውስጥ ግን በሞቀ ቁጥር ኖራውን ትቶ ይሄዳል። ይህን ለእናቴ ማን ይንገራቸው? ልጃቸው ከበረሃው በሰላም የሚመለሰው በዚያ ጸበል እንደሆነ ያምናሉ። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በሉት።

አያ ሞላ ራዲያተሩን በትኩስ አቼቶ ዘፍዝፎ አሳደረው። ቅዳሜ ነጭ ነጩን ተፋ፤ ገጥመነው ሞተሩ ቢሠራ ቢሠራ አልፈላ አለ። ደስታችን ግን አልቆየም። እናታችን ለእሑዱ መንገድ ብለው ሙሉ ጀሪካን ጸበል አስመጥተዋል። አያ ሞላ ከእንግዲህ አንዲት ጠብታ አላስነካም ይላል፤ ይላል እንጂ የሚለው ለእኔ ነው። እሳቸው ፊት ቃል አይወጣውም። ሲጨንቀኝ የንስሐ አባታቸውን መምሬ አዲሱን ለምኜ አመጣሁ። መምሬ መኪናውን ዞረው አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሜቴ፣ ጸበል በጾም አይደል እንዴ የሚጠጣ? ይኸ እኮ ገና ሳይነጋ ናፍጣ የሚጠጣ ነው። ድፍረት እንዳይሆንብን።»

እናቴ ደነገጡ። አማተቡና ጀሪካኑን በገዛ እጃቸው ከመኪናው አራቁት። እኔና አያ ሞላ የመምሬን ጉልበት ልንስም ምንም አልቀረን።

እሑድ መኪናው ቡሬ ድረስ አንዴም ሳይፈላ ገባ። የልጅቷ አባት ሽማግሌዎቹን በወጉ ተቀበሉ፤ ነገሩም ሰመረ። መኪናውን ግን ዞር ብለው አላዩትም።

ጸበሉስ ትሉ ይሆናል። እናቴ የሚጾምላቸው ቢያጡ ደፉት እንዳይመስላችሁ። ሹፌሩ አለላቸው። አሁን መኪናው ማለዳ ናፍጣውን ጠግቦ ይነሣል፤ አያ ሞላ ጸበሉን በእናቱ ፊት ጨልጦ፣ ቁርስ ሳይቀምስ ዓባይን ይወርዳል።