በአራት በመቶ ባትሪ ወደ ሳሪስ አቦ የተደረገው ዘመቻ

በዘመነ ማቴዎስ፣ ጌታችን አቶ የሺዋስ ከቤንዚን ሰልፍ ነጻ ወጥተው በኤሌክትሪክ መኪና መሄድ በጀመሩ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ሐምሌ በሃያኛው ቀን፣ በዕለተ እሑድ የሆነውን እንጽፋለን። እኚህ የሺዋስ የቆርቆሮ ፋብሪካ መጋዘን ሹም፣ የቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም የምድር ቤት ባላባት፣ በመስኮት ገመድ አውርደው መኪና የሚቀልቡ ናቸው። እኔም ጎረቤታቸው ወልደየሱስ ከዘማቾቹ አንዱ ነበርሁና ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አልጽፍም።

በዚያች ዕለት ሴት ልጃቸው ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ልትነሣ ነበር። ክርስትና እናቷ አሰጋሽም ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ በሳሪስ አቦ ደጅ ትጠብቅ ነበር። ካህኑ ግን «ቅዳሴ ከገባ በኋላ የመጣ ሕፃን ዛሬ አይጠመቅም» ብለው አስቀድመው አውጀው ነበር፤ ሰማንያው ካለፈ ደግሞ አለፈ ነው።

በዋዜማው አመሻሽ ላይ በአቃቂ ነጎድጓድ ሆነ። የሚስታቸው የሊዲያ እናት፣ ክብርት ወይዘሮ ፈለቀች፣ መብረቅ እንዳይገባ እንደ ልማዳቸው ተነሥተው የቴሌቪዥኑን፣ የፍሪጁን፣ በመስኮት የወረደውንም ገመድ ከሶኬት ነቀሉ። ሲያባራ ፍሪጁን መልሰው ሰኩ፤ መኪናዋን ግን ማን አስታውሷት!

ሲነጋ አቶ የሺዋስ መኪናዋን ቢያስነሡ ባትሪው አራት በመቶ ሆኖ ታየ፤ እርሱም ዐሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ያስኬዳል፣ መንገዱ ግን ዐሥራ ሦስት ነው። ወይ ጉድ! ገመዱን ተከትለው ቢገቡ ጫፉን ከሶኬቱ ሥር ተጋድሞ አገኙት፤ የማን እጅ እንደሆነም ወዲያው ገባቸው። አማታቸው ነጭ ለብሰው፣ ደስ ብሏቸው በበር ቆመው ነበር። ጌታችንም ገመዱን ጠቅልለው «ስሙ፣ ላልሰማም አሰሙ! መኪናዋን ሳልሰካ ያደርሁት እኔ ነኝ» ብለው አወጁ። ስለዚህም ሊዲያ እስከ ቃሊቲ ድረስ ስትቆጣቸው ሄደች።

ሠራዊቱም ተሳፈረ፤ ከፊት አማትየው፣ ከኋላ ሊዲያ ከነሕፃኗ፣ በክብደቱ የታወቀው ወንድሟ ሮሪሳ፣ በጭኑም ላይ የክርስትናው ድፎ ዳቦ፣ ከዳቦውና ከበሩ መካከልም እኔ። «ራዲዮ ይዘጋ፣ ማራገቢያ ይጥፋ፣ ከአርባ በላይ አይነዳ» የሚል አዋጅ ወጣ። መስታወቱ በትንፋሻችን በተሸፈነ ጊዜ በጋቢዬ የጠረግሁ እኔ ነኝ፤ የፋብሪካ ሰርቪሶች ሁሉ እያጮሁብን አለፉ።

ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት መታጠፊያ በደረስን ጊዜ አንድ በመቶ ቀረ። «ሮሪሳ ከነዳቦው ይውረድ» ተብሎ ታወጀ። እርሱም ምንም ቅር ሳይለው ወረደ፤ አንድ ሰው ብቻ የጎደለው ሚኒባስ አገኘና ከእኛ ቀድሞ ደረሰ።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ከታየ በኋላ መኪናዋ ቆመች። የቅዳሴውም ደወል ጀመረ። ያን ጊዜ ጉልበቴን እያሉ ሲያማርሩ የኖሩት ወይዘሮ ፈለቀች ሕፃኗን ተቀብለው አቀበቱን ሮጡት፤ አሰጋሽም ከእጃቸው ተቀበለች፤ ካህኑም በመጨረሻው ደወል አጠመቋት። እኛ ገና መኪና እንገፋ ነበር።

ከዚያም መኪናዋን በቅርብ ወዳለው ወደ አሰጋሽ ቤት ገፍተን፣ በዚያም ሰክተን ዳቦ ስንበላ ዳግመኛ ነጎደ። ወይዘሮ ፈለቀች ሳያስቡት ተነሡ፤ እጃቸውም ሶኬቱ ላይ ደርሶ ቀረ። ዞረው አማቻቸውን አዩ። አማቻቸው ዳቦአቸውን አዩ። ያን ጊዜ አማትየው አወጁ፦ «ስሙ! ትናንት የነቀልሁት እኔ ነኝ። ሊዲያ ሆይ፣ ባልሽን ይቅርታ ጠይቂ። ይህንም ሶኬት ሰማይ ቢወርድ ማንም እንዳይነካ!» በርጩማም አስመጥተው ከሶኬቱ አጠገብ ተቀመጡ፤ በነጎደ ቁጥር እያማተቡ፣ መቶ እስኪሞላ አልተነሡም።

ክብር በአራት በመቶ ለዘመቱት፣ አማታቸውንም በሰው ፊት ላላሳፈሩት ለየሺዋስ ይሁን! ክብር መብረቅን እየፈሩ ከዘብ ላልወረዱት ለፈለቀች ይሁን! እኔ ወልደየሱስም ይህን አየሁ፣ ጻፍሁ፤ ስመለስም ከፊት አስቀመጡኝ።